ዓሣ አጥማጁ አያቴ

አያቴ ዓሣ አጥማጅ አልነበሩም። ታች ጋይንት ውስጥ ገብስና ባቄላ ሲዘሩ ኖረው፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለውን ዓለም ብዙም ሳያዩ ያረፉ ገበሬ ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም። ዓሣ በልተው የሚያውቁም አይመስለኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ እኔ የልጅ ልጃቸው በኮሌጅ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ አራት ገጽ ሙሉ ስለ ዓሣ አጥማጅነታቸው ጽፌ፣ በዚሁ የተነሣ ከትምህርት ልባረር ስለነበር ነው።

ዛሬ ስማዳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰው "ቋንቋውን ማን አስተማረህ?" ሲለኝ ሁለት ሰው እጠራለሁ። አንዷ የኮሌጅ መምህሬ ቲቸር ሰብለ ናት። ሁለተኛው አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል እንኳ የማይለዩ የድጓ መምህር ናቸው። በዚህ ጊዜ ሰሚው ይስቃል። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን አቋርጬ እዚያው ጋይንት ያለው የቤተ ልሔም ደብር ገባሁ፣ ዜማ ልማር። እዚያም የኔታ ጥበቡ እግር ሥር አምስት ዓመት ተቀመጥኩ። የኔታ ዓይናቸው ስለ ጠፋ መጽሐፍ አያዩም፤ መጽሐፉ ሆዳቸው ውስጥ ነው። እሳቸው ያሰማሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል፤ እስኪይዘው ይላል። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቀመጡና አንዲት ቃል የሳትክ እንደሆነ መሬቱን አንድ ጊዜ ይመቱበታል። ቁጣ የለም፣ ስድብ የለም። "ድገመው" ይላሉ፤ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። በዚያ ቤት ከራሱ አንዲት ቃል የጨመረ ተማሪ ጎበዝ አይባልም። አበላሸ ነው የሚባለው።

እኔ የሰማሁትን የማልጥል ተማሪ ነበርኩ። ጾመ ድጓን በቃሌ ይዤ ወደ ድጓው ስሻገር የኔታ "ይህ ልጅ ለወንበሬ ይሆናል" ማለታቸውን ከሌሎች ሰምቻለሁ። ልቤ ግን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሸፍቶ ነበር። ይህን ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ አጣሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ "ቁራሽ ልለምን" ብዬ አኮፋዳዬን አንግቤ ወጣሁ። የቆሎ ተማሪ በየቀኑ እንዲህ እያለ ይወጣል፣ ማንም አይጠረጥረውም። እኔ ግን በዚያው ቀረሁ። አርብ ገበያ አክስቴ ዘንድ ገብቼ ሰባተኛ ክፍል ተመዘገብኩ። የኔታን አልተሰናበትኳቸውም። ይህን ነገር ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር፤ ባስታወስኩት ቁጥር ግን ያፍነኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ አልመጣልኝም። መካነ ኢየሱስ ከተማ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ገባሁ። ስሟን አልጠራም፤ እንኳን እሷ እኔም ያኔ ብዙ ስም አልነበረኝም። ዕድሜዬ ሃያ አምስት ስለነበር ልጆቹ "አባ ሞላ" ይሉኝ ነበር። በእንግሊዝኛ የክፍሉ ጭራ ነኝ። ቲቸር ሰብለ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፣ በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ ክፍል ስትገባ ግን እንኳን እኛ ወንበሩም ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ "የምታውቁትን ጻፉ። ስህተት አትፍሩ። ስህተታችሁን እኔ አርመዋለሁ፤ ያልጻፋችሁትን ግን ላርመው አልችልም።" እኔም ይህን በደብተሬ ገልብጬ በቃሌ ያዝኩት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

ከፈተናው አስቀድማ ለናሙና ይሆኑ ዘንድ አሥራ ሁለት ጽሑፎች በፎቶ ኮፒ አባዝታ ሰጠችን። "አጀማመራቸውን እዩ፣ አገነባባቸውን እዩ" አለችን። እኔ የሰማሁት "ያዙ" እንዳለች ነው። ሌላ ምን ይሰማኛል? መምህር ቀለም ሲሰጥ ተማሪ ይይዛል። ሌሎቹ ገለጥ ገለጥ አድርገው ሲያስቀምጡት፣ እኔ አሥራ ሁለቱንም እንደ ድጓ ቃል በቃል ያዝኳቸው፤ እንደ ልማዴ እየተወዛወዝኩ፣ በዜማ። ዘጠነኛው ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ አያት የተጻፈ ነበር። በኮፒው ጥፋት አንድ መስመር ሁለቴ ወጥቶበታል። አይቼዋለሁ። ግን የመምህርን ቀለም የማቃና እኔ ማን ነኝ? ሁለቴም ያዝኩት።

ፈተናው መጣ። ጥያቄው "አንድ ነገር ስላስተማረህ ሰው ጻፍ" የሚል ነው። ደስ አለኝ፣ አያትየው ልክ ይገባሉ። ብዕሬን አንሥቼ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ አንዲት ሳልስት አወረድኩት። ከክፍሉ ቀድሜ ስወጣ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእንግሊዝኛ ኮርቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ዓርብ ቲቸር ሰብለ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አጠገቡ የናሙናው ዘጠነኛ ጽሑፍ ተዘርግቷል።

"አያትህ ዓሣ አጥማጅ ናቸው?" አለችኝ።

"አይደሉም ቲቸር።"

"የት ነው አገርህ?"

"ጋይንት።"

"ጋይንት ባሕር አለ?"

"የለም ቲቸር።"

"ሞላ፣ በፈተና ላይ ወረቀት ይዘህ ገባህ ወይስ በስልክ ፎቶ አንሥተህ?"

ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ አስቀመጥኩላት። በላስቲክ የታሰረች የቁልፍ ስልክ ናት፤ እንኳን ፎቶ ልታነሣ ድምፅም በስንት ልመና ነው የምታሰማ። "በቃሌ ነው የጻፍኩት" አልኳት።

"አራት ገጽ? ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር?"

"ነጠላ ሰረዝ ለምን ይቀራል ቲቸር?"

ያሾፍኩባት መሰላት። ፊቷ ተለዋወጠ። "ይሄን ተወው። ይሄ መስመር ሁለቴ የተደገመው በኮፒ ማሽኑ ስህተት ነው። አንተም ሁለቴ ጽፈኸዋል። ከወረቀት ያልገለበጠ ሰው ስህተቱን ከየት ያመጣዋል?"

እዚያው ቆሜ ጽሑፉን በቃሌ ልወጣላት እችል ነበር። ግን "ሌባ" የሚለው ቃል ሳይነገር ቢሮው ውስጥ ቆሞ ነበርና አንደበቴ ተሳሰረ። እሷም ወረቀቱን አጠፈችው። "ለዲኑ አመልክቻለሁ። ሰኞ ከሰዓት ኮሚቴው ፊት ትቀርባለህ። የኮረጀ እንደሚሰናበት ደንቡን ታውቀዋለህ። ማስረጃ ካለህ ይዘህ ና።"

ማስረጃ! በቃል ለመያዙ ምን ማስረጃ አለ? አሰላስዬ አሰላስዬ አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ። የኔታ። "ይህ ልጅ የሰማውን አይጥልም" ብለው ቢመሰክሩልኝ፣ ቃላቸው በደብዳቤ ተጽፎ የደብሩ ማኅተም ቢያርፍበት፣ ማን እምቢ ይላል? ከደብራቸው ሳልሰናበት ከጠፋሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ሆኖም ቸገረኝና ዓይኔን በጨው አጥቤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ነፋስ መውጫ፣ የቀረውን በተገኘው መኪናና በእግሬ። ቤተ ልሔም ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።

የኔታ ከግቢው ዛፍ ሥር፣ ድሮ በሚቀመጡባት ድንጋይ ላይ ናቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ሳልናገር እግሬን አንሥቼ ሦስት እርምጃ ቀረብኩ።

"ሞላ ነህ?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "በምን አወቁኝ የኔታ?"

"ግራ እግርህን ትጎትታለህ። ዛሬም አልተውክም?"

ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ። "ኧረ ለመሆኑ ቁራሹ ተገኘ?" አሉኝ።

ልትለምን ወጥተህ ሰባት ዓመት ቆየህ ማለታቸው ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተቀምጬ እንባዬ መጣ። እሳቸው እስኪበቃኝ ጠበቁኝና "እንግዲህ ተናገር፣ ያለ ጉዳይ አልመጣህም" አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ናሙናውን፣ ፈተናውን፣ ዓሣ አጥማጁን። ዓሣ አጥማጁ ላይ ስደርስ "እኒያ ምስኪን አያትህ ባሕር ገቡልህ?" ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ የምስክሩን ደብዳቤ ለመንኳቸው። ሳቃቸውን አቆሙ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ። "እዚያ የምትማርበት ቤት የዜማ ቤት ነው ወይስ የቅኔ?"

"የእንግሊዝኛ ነው የኔታ።"

"እሱንማ ሰማሁህ። መምህርትህ የሰጠችህን ቀለም መልሰህ እንድትሰጣት ነው የምትሻው፣ ወይስ ከራስህ አውጥተህ እንድታመጣላት?"

አሰብኩ። 'የምታውቁትን ጻፉ' ትዝ አለኝ። "ከራሴ እንዳወጣ ይመስለኛል።"

"እንግዲያስ ቅኔ ቤት ነው የገባኸው። ስማ፤ እኔ በልጅነቴ ጎጃም ተሻግሬ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። አንድ ቀን ቅኔ አልመጣ ቢለኝ፣ ከሌላ ደብር የሰማሁትን ያማረ ቅኔ ይዤ ቀረብኩ። ቤቱ አልጎደለ፣ ምሥጢሩ አልጎደለ። መምህሬ ሰምተው ሲያበቁ 'ባለቤቱ ደኅና ነው?' አሉኝ። ይህን ብቻ። ተማሪው ሁሉ ሰማ። በሳምንቱ ያንን አገር ለቅቄ ወደ ዜማዬ ተመለስኩ።" መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። "በዜማ ቤት የሰጡህን ካልመለስክ አጠፋህ። በቅኔ ቤት የሰጡህን ከመለስክ ሰረቅህ። እኔ የዜማ ቤት ሰው ነኝ፤ ስለ ቅኔ ቤቱ ልመሰክርልህ አልችልም።"

"ታዲያ ያባርሩኛል የኔታ!"

"ሊያባርሩህ ይችላሉ" አሉኝ። "አሁን ግን ደክሞሃል፣ ግባና እህል ቅመስ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ዘንድሮስ ተሰናብቼ ወጣሁ። ደብዳቤ አልያዝኩም። መንገዱን በሙሉ ተናድጄባቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት ልክ ስለሆኑ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ሦስት ሰዎች ፊት ቆምኩ፦ ዲኑ አቶ ደሳለኝ፣ አንድ የሒሳብ መምህርና ቲቸር ሰብለ። አቶ ደሳለኝ መነጽራቸውን አድርገው "ማስረጃህ የታለ?" አሉኝ።

"ራሴ ነኝ" አልኳቸው። "ከአሥራ ሁለቱ የፈለጉትን ያውጡና የመጀመሪያውን ቃል ይስጡኝ።"

ተያዩ። ዲኑ ናሙናውን ገለጡና ከአምስተኛው ሁለት ቃል አነበቡ። ቀጠልኩ። ከሦስተኛው አነበቡ፤ ቀጠልኩ። ችግሩ፣ እንግሊዝኛውን የያዝኩት በዜማ ስለነበር የሚወጣውም በዜማ ነው። ሰውነቴ መወዛወዝ ጀመረ፣ ድምፄ ይነሣል ይወድቃል። የሒሳብ መምህሩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ያቺን መስመር አንዴ አልኳት፣ ደግሜ አልኳት። በዚህ ጊዜ ቲቸር ሰብለ ቀና ብላ አየችኝ።

"በስመ አብ!" አሉ አቶ ደሳለኝ መነጽራቸውን አውልቀው። "ይሄማ ኩረጃ አይደለም። ሰብለ፣ ልጁን በከንቱ ነው ያስጨነቅሽው። ከራሱ አእምሮ ነው የጻፈው፣ ነጥቡ ይሰጠው።"

ነጥቡ ማለት እኮ ከክፍሉ አንደኛው ነጥብ ማለት ነው! ወገቤ ላይ ታስሮ የነበረ ነገር ሲፈታ ተሰማኝ። ልወጣ አንድ እግሬን ሳነሣ ቲቸር ሰብለ "አንድ ጥያቄ ብቻ" አለች። "ሞላ፣ በከንቱ ጠርጥሬሃለሁ፣ ይቅርታ። ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያንተ የቱ ነው?"

"ተይው እንጂ ሰብለ፣ ጉዳዩ አልቋል" አሉ ዲኑ።

በእርግጥም አልቋል። ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። "ባለቤቱ ደኅና ነው?" የሚለው ግን ጆሮዬ ላይ አንቃጨለ።

"ቲቸር" አልኳት፣ "የእርስዎ ቤት የዜማ ቤት ነው ወይስ የቅኔ?"

የሒሳብ መምህሩ ግራ ተጋቡ። እሷ ግን አልጠየቀችኝም፤ የአብነት ትምህርት ቤት በሞላበት አገር ያደገች የደብረ ታቦር ልጅ አይደለች? ጥቂት አሰበችና "የቅኔ" አለች።

"እንግዲያስ ሰርቄያለሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አቶ ደሳለኝ በእኔ ፈንታ ደነገጡ። "አንተ ልጅ፣ ነጻ ካልንህ በኋላ ምን ሆንክ? ሰርቄያለሁ ካልክ ደንቡ እኮ..."

"ደንቡ ስለ ኩረጃ ነው የሚናገረው፣ ስለ ቅኔ የሚለው የለም" አለች ቲቸር ሰብለ። ከቦርሳዋ አንድ ባዶ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። "የመጀመሪያው ወረቀት ይሰረዝ። ያንኑ ጥያቄ አሁን እዚሁ ይጻፍ፣ አንድ ሰዓት ይሰጠው። ካለፈ አለፈ፤ ካላለፈ ኮርሱን ወድቋል፣ ከዓመት በኋላ ይመለስ።"

ዲኑ ከብዙ ማንገራገር በኋላ ተስማሙ።

ከዚያ ሰዓት ሩቡ ምንም ሳልጽፍ አለፈ። የያዝኳቸው አሥራ ሁለቱም ጽሑፎች በር ላይ ተሰልፈው "እኔን፣ እኔን" ይሉኛል። አንዱንም ማስገባት አልችልም። የራሴን ልፈልግ ስል ደግሞ ውስጤ ባዶ መሰለኝ። በመጨረሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጣችልኝ፤ አጭር፣ ሰዋስዋም የተንጋደደ። "መምህሬ አያይም፣ በእግሬ ድምፅ ግን አወቀኝ።" ጻፍኳት። ከእሷ በኋላ ሌላዋ መጣች። ምግብ ልለምን ብዬ እንደወጣሁ፣ እንዳልተመለስኩ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ስመለስ ቁራሹ ተገኘ ወይ እንዳሉኝ። ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ነገር፣ በማልችለው ቋንቋ ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ትሆን ይሆናል።

ውጤቱ ሲ ሆነ። ሲ! ለዓሣ አጥማጁ ኤ ሊሰጠኝ የነበረ ሰው። ቲቸር ሰብለ ወረቀቱን ስታሳየኝ በቀይ እስክሪብቶ ያልተነካ መስመር አልነበረም። ከግርጌው ግን አንድ ነገር ጽፋለች፦ "እኒህን ሰው አየኋቸው።" ወረቀቱ የኮሚቴው ሰነድ ነው ብለው አልሰጡኝም። ቢሰጡኝ በክፈፍ አደርገው ነበር።

አንባቢዎቼ፣ በቃል መያዝ ክፉ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ዛሬም ቢሆን የእንግሊዝኛውን ቃላት ቶሎ የምይዘው ቤተ ልሔም ባሰለጠነኝ አእምሮ ነው፤ ያንን የሚንቅ ሰው ያናድደኛል። ጥፋቴ የገባሁበትን ቤት አለማወቄ ነበር። ቲቸር ሰብለ ዓመቱን ሙሉ ስታስተምረን እኔ ቃሏን ይዤ ነገሯን ጥዬዋለሁ። አሁን ራሴ ክፍል ስገባ፣ ያማረ ጽሑፍ የሚያመጡልኝ ተማሪዎች አሉ። ከስልክ ያወረዱትን፣ ከወንድም ደብተር ያገኙትን። ሌባ አልላቸውም። "ባለቤቱ ደኅና ነው?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ያፍራሉ፣ አንዳንዱም ሄዶ የራሱን የተንጋደደ ነገር ያመጣልኛል። የተንጋደደውን ማቃናት ሥራዬ ነው። እናንተም ልጆች ካሏችሁ ነጥባቸውን ከማየታችሁ በፊት ይህን ብትጠይቋቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኮሌጁ ለእረፍት ሲዘጋ ቤተ ልሔም ተመልሼ ሄድኩ። የኔታ ከዚያችው ድንጋይ ላይ ነበሩ። ማለፌን ነገርኳቸው። "የጻፍከውን አሰማኝ" አሉኝ። ወረቀቱ በእጄ የለም፤ የጻፍኩትን በአማርኛ እየመለስኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ስለ እግሬ ኮቴ፣ ስለ ቁራሹ፣ ሳልሰናበት ስለመሄዴ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ሰሙኝ።

ስጨርስ እንደ ድሮው "ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት። በቃሌ አልያዝኩትም ነበርና ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልወጣም። አንዱን ቃል ጣልኩ፣ ሌላ ጨመርኩ፣ የኋላውን ወደ ፊት አመጣሁ። በእያንዳንዷ ስህተት መቋሚያው መሬቱን ይመታል ብዬ ጠበቅኩ። እስከ መጨረሻው ድረስ አልመታም።